በባሕር ዳር ሙቀት ርካሽ ቀይ ወይን እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይጠጣል?

ባሕር ዳር ላይ ቀይ ወይን ሲቀርብ ከሁለት ቃል አንዱን መስማት የተለመደ ነው፤ "ይጎመዝዛል" ወይም "ኮካ ጨምሩበት"። ከዚያ ጥፋቱ ዋጋው ላይ ይላከካል። ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ውዱ ቢሆን እንዲህ አያደርግም ይባላል። እኔ ግን እዚህ ከተማ ወይናችንን አብዝቶ የሚጎዳው ሙቀት ነው ብዬ አምናለሁ። በመጠነኛ ብር የተገዛ፣ በጥንቃቄ የተመረጠና በልኩ ቀዝቅዞ የቀረበ ጠርሙስ ፀሐይ ሲመታው ከከረመ ውድ ጠርሙስ ይበልጣል።

መጀመሪያ ቀይ ወይን እንዴት ቀይ እንደሚሆን እንይ። ልጣጩ ጥቁር የሆነ የወይን ፍሬ እንኳ ሲጨመቅ ጭማቂው ብዙውን ጊዜ ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ስለዚህ ቀይ ወይን ለመሥራት ፍሬው ይፈጭና ከነልጣጩ፣ ከነዘሩ እንዲብላላ ይተዋል። እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮል ይሠራል። በዚያ መሀል ከልጣጩ ቀለም፣ ከልጣጩና ከዘሩ ደግሞ ታኒን የሚባል ነገር ወደ ጭማቂው ይወጣል። አፍን የሚያደርቀው፣ ድድን ያዝ የሚያደርገው ታኒን ነው። ጠንክሮ የተፈላ ሻይ ያለ ስኳር ስትጠጡ ምላስ ላይ የሚቀረው ስሜት ማለት ነው፤ ሻይም ውስጥ ታኒን አለ።

እንግዲህ አንድ ጉንጭ ቀይ ወይን አፍ ውስጥ ሲገባ አራት ነገር አብሮ ይሰማል። ታኒኑ ያደርቃል። አሲዱ ምራቅ ያመጣል። አልኮሉ ጉሮሮን ያሞቃል። ስኳር ካለው ደግሞ ሁሉንም ያለሰልሳል። ጥሩ ወይን የሚባለው አንዱ ሌላውን ሳይጫነው አራቱም ተመጣጥነው ሲገኙ ነው። ይህ ሚዛን ደግሞ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ጠርሙሱ ላይ መጀመሪያ የምታዩት ቃል "ድራይ" ወይም "ሚዲየም ስዊት" የሚለው ይሁን። አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ ሕግ መሠረት ድራይ የሚባል ወይን በተለምዶ በሊትር ከ4 ግራም የማይበልጥ ስኳር ነው ያለው። በአንድ ሙሉ ጠርሙስ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ሚዲየም ስዊት የሚባለው ከ12 እስከ 45 ግራም ይደርሳል። ኮካ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ስኳር አለው። ለስላሳ ለለመደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ድራይ ወይን መስጠት ያስደነግጠዋል። ወይኑ ግን አልተበላሸም፣ ልክ እንደተሠራው ነው። አዲስ ጠጪ ከሚዲየም ስዊት ቢጀምር ምንም ነውር የለበትም። እንዲያውም ለቅመማችን የሚስማማው እሱ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የአገር ውስጡን ወይን በተመለከተ ምርጫው ሰፋ ብሏል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። በአምቦ አቅራቢያ ባለችው ከተማ የተሰየመው ጉደር ድራይ ቀይ ነው፣ አክሱሚት ደግሞ ጣፋጭ ቀይ። ካስትል የሚባለው ኩባንያ ዝዋይ ላይ የወይን እርሻውን የተከለው ከፈረንሳይ በመጡ ችግኞች ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶቹ ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር። ሪፍት ቫሊ በሚለው ስም ካብርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ሲራ የሚባሉትን የወይን ዝርያዎች ለየብቻ ያሽጋል። አካሺያ የሚለው ደግሞ ድራይም ሚዲየም ስዊትም አለው። ልምድ ለሌለው ሰው ከድራዮቹ ውስጥ ሜርሎን ነው የምመርጥለት። ታኒኑ ከካብርኔ ለስለስ ይላል። ካብርኔ ልጣጩ ወፍራም፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ሥጋ አጠገቡ ሲኖር ነው የሚያምርበት።

ከውጭ የመጣውስ? መጥፎ አይደለም። ግን በተመሳሳይ ብር የውጭ ወይን ስትገዙ ከምትከፍሉት ውስጥ ብዙው ለመርከቡ፣ ለቀረጡና ለታክሱ ይሄዳል። ለወይኑ ራሱ የሚተርፈው ትንሽ ነው። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ የአገር ውስጡ ያዋጣል።

ዋጋ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወይን ውድ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ የእንጨት በርሜል ነው። ቦርዶ ውስጥ የተለመደው የኦክ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፣ ያ 300 ጠርሙስ ነው። አዲስ የፈረንሳይ በርሜል በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ያወጣል፤ ጥቂት ዓመት ካገለገለ በኋላም ለወይኑ የሚሰጠው ጣዕም ያልቃል። ከዚያ መሬቱ ራሱ ውድ ነው፣ ፍሬው በእጅ ይለቀማል፣ ስሙም ይሸጣል። ርካሽ ወይን ብዙውን ጊዜ በብረት ጋን ውስጥ ይብላላና ሳይቆይ ይታሸጋል። ይሄ ጉድለት አይደለም። የፍሬው ጣዕም ትኩስ ሆኖ እንዲገኝ የሚያደርገው አሠራር ነው።

ዋጋው ራሱም አፋችንን ያታልላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ለሰዎች አንድ ዓይነት ወይን ሁለት ዋጋ እየነገሩ አቀመሷቸው። 5 ዶላር የሚያወጣውን ወይን አንዴ በዋጋው፣ አንዴ 45 ዶላር ነው ብለው ሰጧቸው። ሰዎቹ "ውዱ" ይበልጥ እንደጣማቸው ተናገሩ። አንጎላቸው በመሣሪያ ሲታይም ደስታን የሚመዘግበው ክፍል ዋጋው ከፍ ሲል ይበልጥ ይሠራ ነበር። ማለትም አስመስለው አልነበረም፣ በእውነት ጥሟቸዋል። እንግዳ ስትጋብዙ ዋጋውን አለመናገር ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጠርሙሱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ቅዱ፣ ከዚያ የትኛው እንደጣመ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ያስገርማል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ዝዋይ የታሸገ ጠርሙስ ባሕር ዳር ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ ሌላ 500 ከምናምን ኪሎ ሜትር አለ። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደጀን ይወጣል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና መውጣት ማለት ነው። ካርቶኑ በሸራ የተሸፈነ የጭነት መኪና ላይ ከሆነና ቀኑ ፀሐያማ ከሆነ ሸራው ሥር ያለው ሙቀት ቀላል አይደለም። ወይን ደግሞ ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ቶሎ ያረጃል፣ ከ30 ሲያልፍ ደግሞ ይባስ። የፍሬው ሽታ ይጠፋና የተቀቀለ ፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ይተካል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ቡሽ ካለውም ቡሹን ወደ ላይ ይገፋል።

መንገዱን መለወጥ አንችልም። ከሱቅ ስንገዛ ግን ማየት እንችላለን። ጠርሙሱን አንሱና የቡሹን ጫፍ በአውራ ጣታችሁ ዳብሱት። ከጠርሙሱ አፍ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ወደ ላይ ከተነፋ፣ ቡሹ ከተነሣ፣ አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ካለ፣ ወይም አንገቱ ሥር የደረቀ ቀይ መስመር ካያችሁ መልሱት። ያ ወይን ሞቆ ፈሷል። ጎን ለጎን የቆሙ ጠርሙሶችን የፈሳሽ ከፍታም አስተያዩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ጎድሎ ከተገኘ ይለፋችሁ።

ከዚያ ጠርሙሱ የት ነበር የተደረደረው? መስኮት አጠገብ፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ወይም አምፖል ሥር የቆመውን ተዉት። በእጃችሁ ስትይዙት ሞቅ ካለ ከምልክቱ ሁሉ ይሄኛው ይበቃል። "ከካርቶን የሚወጣ የለም?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ባለሱቅ ሳይከፋው ከጓዳ ያወጣላችኋል። ሌላው ነገር ሽያጭ ነው። ወይን ቶሎ ቶሎ ከሚሸጥበት ሱቅ ግዙ። አቧራ የለበሰ ጠርሙስ ያረጀ ወይን ክብር አይደለም፣ ፈላጊ ያጣ ዕቃ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ዓመት ካለ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት ነው፣ የተጻፈውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2022 የሚለው በእኛ 2014 ወይም 2015 ነው ማለት ነው። ይህን ልዩነት መርሳት ቀላል ነው። ዓመት ካልተጻፈበት የታሸገበትን ቀን ፈልጉ። በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጥ ቀይ ወይን በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ነው ጥሩ። "ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል" የሚባለው ለጥቂቶች ብቻ እውነት ነው። እነሱም ታኒናቸውና አሲዳቸው ጠንካራ ሆኖ ለዓመታት እንዲቆዩ የተሠሩና በቀዝቃዛ ጨለማ ክፍል የሚቀመጡ ናቸው።

ይህን የምለው ሳሎን ውስጥ ባለው ቡፌ ምክንያት ነው። በስንት ቤት አየሁት! ለምርቃት ወይም ለሠርግ የመጣ ወይን ከብርጭቆዎቹ መሀል ቡፌው ውስጥ ይቆማል። መስታወቱን አልፎ ብርሃን ያገኘዋል። መጋቢት ይመጣል፣ ሚያዝያ ይመጣል፣ ቤቱ ይግላል። ባለቤቶቹ ለትልቅ ቀን ብለው ሲጠብቁት ወይኑ እዚያው ይሞታል። እባካችሁ ዘንድሮ ክፈቱት። ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቀዝ ያለውን ቦታ ፈልጉ። አልጋ ሥር፣ ወይም ፀሐይ ከማይነካው ግድግዳ ሥር። ቡሽ ያለው ከሆነ አጋድሙት፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ቢቆምም ግድ የለም። ፍሪጅ ላይ አታስቀምጡት፤ ጀርባው የሚተፋው ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል።

ጠርሙሱ በደህና ቤት ገባ እንበል። "ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም፣ በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው" የሚል ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ምክሩ የመጣው ከቀዝቃዛ አገር ነው። ቤት እንደ ዛሬው በማይሞቅበት ዘመን አውሮፓ ውስጥ የክፍል ሙቀት ማለት 16፣ ቢበዛ 18 ዲግሪ ነበር። ባሕር ዳር በግንቦት ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ 28 ቢሆን አይደንቅም። ወይን በዚህ ሙቀት ሲቀርብ አልኮሉ እየተነነ አፍንጫን ይመታል፣ የፍሬው ሽታ ይሸፈናል፣ ጣዕሙ ይከብዳል። "ያቃጥላል" የሚባለው ወይን ብዙ ጊዜ የሞቀ ወይን ነው።

ቀይ ወይን ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሁን። ቀለል ያለው ወደ 14፣ ከበድ ያለው ወደ 18 ይጠጋ። ሞቅ ካለ ክፍል የወጣ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መብራት ከጠፋ ወይም እንግዳ በር ላይ ከደረሰ ባልዲ ውስጥ በረዶ ጨምሩና ውሃ ሙሉበት። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው። ውሃው ግን ዙሪያውን ይይዘዋል። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከፍሪጅ ውስጥ ያደረውን ደግሞ ወዲያው አትጠጡት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆይ። በጣም የቀዘቀዘ ቀይ ወይን ሽታው ይዘጋል፣ ታኒኑም ይበልጥ ይሻክራል። ይህን ለማመን አንድ ጠርሙስ ክፈቱና ግማሹን በክፍሉ ሙቀት፣ ግማሹን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ጎን ለጎን ቅመሱ። ሁለት የተለያየ ወይን ይመስላችኋል።

ምግቡ ላይ እንምጣ፣ ምክንያቱም ጣና ዳር ተቀምጦ ስለ አሳ አለመናገር አይቻልም። "ቀይ ወይን ለሥጋ፣ ነጭ ለአሳ" የሚለው ደንብ መሠረት አለው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ወይን ውስጥ ያለ ብረት ከባሕር ምግብ ጋር ሲገናኝ አፍ ውስጥ መጥፎ የአሳ ሽታ ያመጣል። ቀይ ወይን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከነጩ የበለጠ ብረት አለው። ግን ብረቱ ያነሰ ቀይ ወይን ላይ ይህ ችግር አልጎላም። ስለዚህ ደንቡን እንደ ክልከላ አልቆጥረውም።

የተጠበሰ ቀረሶ ሲቀርብ አስቡት። ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ቆዳው ከርከር ብሎ፣ ሎሚው ለሁለት ተከፍሎ፣ አዋዜው በትንሽ ሳህን። ሎሚውን ጨምቁበት፣ ጨው ንኩ፣ አንድ ጉርሻ ብሉና ቀለል ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቀይ ወይን ጠጡ። የሎሚው ኮምጣጣነት የወይኑን ኮምጣጣነት ይቀንሰዋል፣ ጨውም ታኒኑን ያለዝበዋል። አፍ ሳይሻክር ያልፋል። አሁን ያንኑ ጉርሻ አዋዜ ውስጥ አጥቅሱና ጠንካራ ካብርኔ ጠጡበት። ያቃጥላል። በርበሬ አፍን ካቆሰለ በኋላ አልኮል እሳቱን ያባብሳል፣ ታኒኑም መራራ ይሆናል። አዋዜ ከወደዳችሁ ሚዲየም ስዊት ውሰዱ። ስኳሩ ቃጠሎውን ያበርደዋል። የአሳ ጉላሽም እንዲሁ። አምባዛ ደግሞ ሥጋው ስለሚወፍር ከቀረሶ ይልቅ ቀይ ወይን ይችላል።

ዶሮ ወጥ ውስጥ በርበሬም አለ፣ ብዙ የተቁላላ ሽንኩርትም አለ። ሽንኩርቱ ይጣፍጣል። ስለዚህ ጣፋጭነት ያለው ቀይ ወይን ነው የሚሄድለት፣ እዚያ ላይ ድራይ አልመክርም። ሥጋ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፤ ፕሮቲንና ቅባት ታኒኑን ይይዙታል፣ ያ አፍ የሚያደርቀው ነገር ይለዝባል። ብቻውን ሲጠጣ የከበደው ጉደር ወይም ካብርኔ ከጥብስ ጋር ሌላ መልክ ይይዛል።

ኮካ የሚጨምሩትን ሰዎች በተመለከተ፣ አትሳቁባቸው። ስፔን ውስጥ ያሉ ባስክ የሚባሉ ሕዝቦች ቀይ ወይንን ከኮካ ጋር እኩል ቀላቅለው በበረዶ ይጠጣሉ፣ በበዓላቸው ላይ የታወቀ መጠጥ ነው። ሙቀት ባለበት አገር ጥማት ይቆርጣል። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ለብቻው አንድ ጉንጭ ቅመሱት። ለማቀላቀልም የሚመረጠው ርካሹ ድራይ ነው፤ ጣፋጩ ላይ ኮካ ሲጨመር ስኳር በስኳር ይሆናል።

መጠኑን ሳልናገር አላልፍም። ወይን እንደ ቢራ ሙሉ ብርጭቆ ተሞልቶ ሲቀዳ አያለሁ። 13 በመቶ አልኮል ያለው 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 77 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። አንድ ቢራ፣ 330 ሚሊ ሊትርና 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ነው። አንድ ጠርሙስ ወይን ወደ ስድስት ቢራ ይጠጋል ማለት ነው። ለአንድ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ቅዱ፣ ያ ጠርሙሱን ለአምስት ያካፍላል። ብርጭቆው ከሲሶው ባይበልጥ ለሽታውም ይመቻል፣ ስታዞሩትም አይፈስም። አጠገቡ ውሃ ይኑር። የሚነዳ ሰው ካለ ለእሱ አይቀዳ።

ሆቴል ውስጥ በብርጭቆ ስታዙ አንድ ጥያቄ አትርሱ። "እህቴ፣ ይሄ መቼ ነው የተከፈተው?" ወይን ከተከፈተ በኋላ አየር ያገኘዋል፣ ባንኮኒ ላይ በሙቀት ከቆመ በሁለት ቀን ውስጥ ይዳከማል፣ ከዚያ አቼቶ አቼቶ ማለት ይጀምራል። ከትናንት ወዲያ የተከፈተና ውጭ ያደረ ከሆነ በትሕትና ሌላ ጠይቁ፣ ወይም ተሰባሰቡና ጠርሙስ አስከፍቱ። አዲስ የተከፈተው ደግሞ የረጠበ ካርቶን ወይም ሻጋታ ከሸተተ ቡሹ ያበላሸው ነው። ለጤና አይጎዳም፣ ግን አይጠጣም። መመለስ መብታችሁ ነው።

ቤት ውስጥ የተረፈውን እንዲህ አድርጉ። ንጹሕ ትንሽ የውሃ ጠርሙስ ውሰዱ። የተረፈውን ወይን እስከ አፉ ሙሉበት፣ አየር የሚገባበት ቦታ እንዳይኖር። ክዳኑን አጥብቁና ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት። ሦስት አራት ቀን በደህና ይቆያል። ለመጠጣት ስትፈልጉ ቀደም ብላችሁ አውጡት። ካለፈበት ደግሞ አትድፉት፣ ጥብስ ሲጠበስ ድስቱ ላይ ጠብ አድርጉት።